መሪ ላይ የነበረው ሰው

አርድ ኤል ሊዋ፣ ጊዛ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ደጀኔ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወይዘሮ ጠጂቱስ እንደምን አሉ?

«እርስዎ ማን ነዎት? የባሕር ቃልስ ለምንዎ ነው?» ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በመጀመሪያው መልእክቴ ማንነቴን ሳልናገር ጥያቄ ማዥጎድጎዴ ነውር ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማክዳ እባላለሁ፤ የጉለሌ ልጅ ነኝ። ካይሮ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እያስተረጎምኩ ነው። አድራሻዎን የሰጠችኝ አብራኝ የምትኖረው የባሕር ዳሯ አስናቀች ናት። «በሠፈራችን ምፅዋ ባሕር ኃይል የነበረ፣ አሁን ጣና ላይ ጀልባ የሚጠግን ሰው አለ፤ ጆሮውን ሞተር ስለበላው ስልክ አይሆንለትም፤ ጻፊለት» አለችኝ። እንዳዘዙት በእጄ ጽፌ ፎቶውን በጎረቤትዎ ልጅ ስልክ እልካለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሊቢያ ጠረፍ የተነሳች ጀልባ ግብፅ ዳርቻ አጠገብ ተገለበጠች። አርባ አንድ ሰው ነበረባት። የተረፉት ሃያ አራት ናቸው። ከተረፉት አንዱ፣ የኛው አገር ሰው፣ «የጀልባዋ አለቃ እሱ ነው፤ ሰዎቹን ለሞት የዳረገው እሱ ነው» ተብሎ ታስሯል። ጉዳዩ ወደ ካይሮ መጥቷል። ጠበቃው ናስር ሲቲ ቢሮ ያላቸው፣ ሰው በማዕረግ «ኡስታዛ» የሚላቸው፣ ናግላ የሚባሉ ግብፃዊት ናቸው። ሰውየው በመጀመሪያው ምርመራ የሰጠው ቃል በድምፅ ተቀድቷል። ያን ዕለት ያስተረጎመው ሰው ብዙ ነገር ዘልሏል ስለተባለ፣ ቅጂው ቃል በቃል ተጽፎ እንዲቀርብ ታዘዘ። እንድጽፍ የተሰጠኝ እኔ ነኝ።

ጋሽ ደጀኔ፣ በአማርኛዬ እመካ ነበር። ቅጂውን ስከፍት ግን ክው አልኩ። የሚናገረው አማርኛ ነው፤ አልገባኝም።

«አፍንጫዋን ሰሜን ላይ ይዤ ነበር» ይላል። ጀልባዋ የተገኘችው ግን ሩቅ ምሥራቅ ነው። መርማሪው «ውሸታም» ያለው እዚህ ላይ ነው።

«እየተንሸራተትን ነበር» ይላል። ሰው ውሃ ላይ እንዴት ይንሸራተታል?

«ታቹን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት» ይላል። የቱን ታች? ማንን ነው የጠየቀው?

ስሙን እንዳልጽፍ ፈርሜያለሁ፤ ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ እሱን አይጠይቁኝ። ደግሞ እርስዎ አይበሉኝ፤ የልጅዎ እኩያ ነኝ።

አክባሪዎ
ማክዳ

ባሕር ዳር
ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማክዳ፣

እንዳልሽው «አንቺ» ብዬሻለሁ። እኔም ጠጂቱም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ምፅዋ የቆየሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የባሕር ልኬት ጀልባ ላይ ነበርኩ። ሥራችን በወደቡ አፍ ወዲያና ወዲህ እየተመላለስን ጥልቀቱን መለካትና ቁጥሩን ካርታ ላይ ማስፈር ነበር፤ መርከብ መሬት ነክቶ እንዳይቀመጥ። ቃሉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። አማርኛውን እኛው እንደመጣልን እንል ነበር።

መርከብ ሦስት መንገድ አላት። አንደኛው አፍንጫዋ የዞረበት ነው፤ ኮምፓሱ የሚያሳይሽ እሱን ነው። ሁለተኛው አዛዡ ካርታ ላይ ያሰመረው ነው። ሦስተኛው በእርግጥ የሄደችበት ነው። ሦስቱ አንድ የሚሆኑት ውሃው ሲረጋ ብቻ ነው። እዚህ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በታንኳ ስትሻገሪ፣ አፍንጫሽን ማዶ ካለው ዋርካ ላይ ብትተክዪም የምትደርሺው ከዋርካው በታች ነው። አፍንጫሽ አልዞረም፤ ውሃው ወሰደሽ። መንሸራተት ያልነው ይህን ነው። እንግዲህ ሰሜን ያለው የጀልባዋ አፍንጫ ነው፤ ምሥራቅ የወሰዳቸው ውሃው ነው። ሰውየው አልዋሸም። ይህን ለጠበቃዋ በእኔ ስም ንገሪያቸው፤ ቢፈልጉ እፈርማለሁ።

ሦስተኛውን ልጽፍልሽ ብዬ ብዕሩን ካነሳሁ ሁለት ቀን ሆነኝ። አልሄድልህ አለኝ።

«ታች መጠየቅ» የሚባል ነገር ምፅዋ አልነበረም። መጽሐፍ ውስጥም የለም። ሌላ መርከበኛ ብትጠይቂ አያውቀውም።

እባክሽ ሌላውን ሁሉ ተዪና ይህን መልሺልኝ። ታቹን የጠየቀው በምንድን ነው? ገመድ ነበረው? ጫፉ ላይ ብረት አስሮ ነበር? ብረቱን ሳሙና ቀብቶት ነበር? ዕድሜው ስንት ነው? የሚጽፈው በየትኛው እጁ ነው?

ስሙን አልጠየቅሁሽም።

ደጀኔ

አርድ ኤል ሊዋ
ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ደጀኔ፣

ሳሙናውን ከየት አወቁት?

ደብዳቤዎን የከፈትኩት ማይክሮባስ ውስጥ ነው። «ሳሙና» የሚለው ላይ ስደርስ መውረጃዬን አለፍኩት። ስለ ሳሙና ለማንም አልጻፍኩም። ቅጂው ውስጥ እንኳ የለም። ያለው ሌላ ሰው በሰጠው ቃል ውስጥ ነው። ከተረፉት አንዷ፣ አሁን ሀረም በሚባለው ሠፈር በሰው ቤት የምትሠራ ዘርትሁን የምትባል ሴት፣ «የሞተር ብሎን ገመድ ላይ አሰረ፤ ብሎኑን ሳሙና ቀባና ባሕር ውስጥ ሰደደው። ሲያወጣው ሳሙናውን አሸተተ፤ በጣቱ ዳሰሰ። ድግምት ነው ብለን ፈራን» ብላለች። መርማሪው ይህን ሲሰማ ስቆ ነበር።

ዕድሜው ሃያ ስድስት ነው። ሲፈርም አይቻለሁ፤ ግራኝ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ እንጂ ይህ ከሁሉ የባሰ ነው። መርማሪው በዐረብኛ «ረይሱ ማን ነው?» ይላል። እዚህ አገር ረይስ የጀልባ አዛዥም ነው፤ የሁሉም ነገር አለቃ፣ ገንዘብ ሰብስቦ ሰው የሚጭነውም ረይስ ነው። አስተርጓሚው ለልጁ በአማርኛ «መሪው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ «መሪ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ። አስተርጓሚው ወደ ዐረብኛ «ረይሱ እኔ ነኝ» ብሎ መለሰው። ክሱ በሙሉ የቆመው በዚህች አንዲት መስመር ላይ ነው።

በመርከበኛ አፍ «መሪ ላይ ነበርኩ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ የገባኝ ይመስለኛል። ያልገባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከእርስዎ ልስማው።

ማክዳ

ባሕር ዳር
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማክዳ፣

ሳሙናውን ከየት እንዳወቅሁ ለአሁኑ ተዪኝ።

በባሕር ላይ መሪ ሰው አይደለም፤ ዕቃ ነው። የመኪና መሪ እንደምትዪው፣ መርከቢቱን የሚያዞረው እንጨት ወይም ብረት ነው። «መሪ ላይ ነበርኩ» ማለት ያን ይዤ ቆሜ ነበር ማለት ነው። መሪ የሚይዝ ሰው አያዝም። አዛዡ «ግራ አሥር ዲግሪ» ሲለው «ግራ አሥር» ብሎ ደግሞ ያዞራል፤ ከዚያ ሌላ አፍ የለውም። እኔ ምፅዋ ስገባ የሰጡኝ የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነው፤ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከእኔ በታች የነበረው የጀልባዋ ድመት ብቻ ነው።

አለቃ መሆኑን አልተናገረም። የተናገረው እጁ የት እንደነበረ ነው።

እንዴት ያለ ሰው ነው ይህን የተረጎመው? አማርኛ አያውቅም? መኪና ተሳፍሮ አያውቅም? የሰው ነፍስ በሁለት ቃል ሸጠ! ምላሱ ይቆረጥ፤ ልጅ ወልዶ ይየው። ደብዳቤ ላይ እርግማን መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ጻፍኩት፤ አልሰርዘውም።

ስሙን ማን ብሎ አስመዘገበ? የእናቱን ስም ተናግሯል? ታሟል? ይበላል?

ደጀኔ

ባሕር ዳር
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማክዳ፣

በስምንት ቀን ልዩነት ሁለት አጭር ወረቀት ልኬልሽ ዝም አልሽኝ። በእርግማኔ ተቀይመሽ ከሆነ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። ያን ቀን የጻፍኩት እኔ አልነበርኩም።

ከዚህ በላይ መደበቅ አልችልም። ልጄ ነው።

ልጄ ናሁሰናይ ሰባት ዓመት ሲሆነው ጣና ላይ ይዤው እወጣ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸው ድንጋይ እየመታት ስለተቸገሩ፣ ምፅዋ እንደለመድኩት በገመድና በብረት እየለካሁ ድንጋዩን አሳያቸው ነበር። ምፅዋ የብረቱን ቂጥ ሞራ እንቀባው ነበር፤ ታች ያለው አሸዋም ይሁን ጭቃ ተጣብቆበት ይወጣል። እዚህ ሳሙና ቀባሁት። «አባዬ፣ ገመዱን ለምን ታወርዳለህ?» አለኝ። «ታቹን ልጠይቀው ነዋ» አልኩት። ጎትቼ አወጣሁና ሳሙናውን ሳሳየው በጣቱ ነካው፤ አሸተተው። ከዚያ «ጭቃ ነኝ አለ» ብሎኝ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሁለታችን ሥራው «ታች መጠየቅ» ሆነ። በዓለም ላይ ይህን ቃል የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን።

ስለ ሳሙናው የጻፍሽልኝን ያነበብኩት ቆሜ ነው። ጨርሼ እንደገና ከላይ ጀመርኩት።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለሥራ ካርቱም ሄደ። ጦርነቱ ሲነሳ አንድ ጊዜ ደወለ፤ «ወጥቻለሁ፣ አታስቡ» አለ። ከዚያ አሥራ ሰባት ወር ዝም። ጠጂቱ እስካሁን አታውቅም። አሥራ ሰባት ሰው ሞተበት ስለተባለ ሰው እንዴት አድርጌ «ልጅሽ ነው» ልበላት?

አባቱ መሆኔን ከሰሙ የቃሉን ፍቺ ከእኔ አይቀበሉም ብዬ ነበር የደበቅሁሽ። አሁን አንቺ ታውቂበታለሽ። ብቻ መልሺልኝ። በአንድ ቃል መልሺልኝ።

ደጀኔ

አርድ ኤል ሊዋ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ደጀኔ፣

በሕይወት አለ። አልታመመም፤ ከስቷል እንጂ ይበላል። የተመዘገበው ኢዮሲያስ በሚል ስም ነው። የእናቱን ስም አልተናገረም። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ካነበቡ በኋላ ደብዳቤውን ቀድደው ይጥሉታል ብዬ ነው።

ያ አስተርጓሚ እኔ ነኝ።

ሌላ ሰው እንደሆነ አድርጌ ጻፍኩልዎ። ቅጂውን እንድጽፍ የሰጡኝም ያን ዕለት በክፍሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ሲፈርም አይቻለሁ ያልኩዎ ለዚያ ነው። እርግማንዎን ሳነብ አስናቀች አጠገቤ ነበረች፤ «ምን ሆንሽ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። እውነት ስለጻፉ ነው።

ያን ቀን ሦስተኛ ሰዓታችን ነበር። ከዘርትሁን ጋር አራት ሰው አስተርጉሜ ነው ወደ እሱ የገባሁት። መርማሪው ቸኩሏል። «ረይሱ ማን ነው?» አለ፤ እኔ «መሪው ማን ነበር?» አልኩ። ልጅዎ ቀና ብሎ አየኝ፤ «መሪ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ። ጋሽ ደጀኔ፣ «ላይ» የምትለዋን ሰምቻታለሁ። ሰምቼ፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ የአነጋገር ዘይቤው ይሆናል ብዬ አለፍኳት። አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ! «መሪ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለው ኖሮ! አልጠየቅሁትም። ሲነሳ «አመሰግናለሁ እህቴ» አለኝ።

ይህንን አሁን ልጅዎ ነው ሲሉኝ እንዴት ልሸከመው?

ከትናንት ጀምሮ ኡስታዛ ናግላ ቢሮ ደጃፍ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ገብቼ «ስህተቱ የእኔ ነው» ካልኩ በሐሰት አስተርጉመሻል ተብዬ ልጠየቅ እችላለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬም የሚታደሰው ጥር ላይ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ደረጃው ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ይህንንም እንዲያውቁብኝ ፈለግሁ፤ ከዚህ በኋላ ከእርስዎ የምደብቀው እንዲኖር አልፈልግም።

የፈለጉትን ይጻፉልኝ።

ማክዳ

ባሕር ዳር
ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማክዳ፣

አሥራ ሰባት ቀን አልጻፍኩልሽም። መጀመሪያ ስለጠላሁሽ ነው። ቀጥሎ ደግሞ መጥላቱ ስላቃተኝ።

ለጠጂቱ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ናሁ ተገኝቷል» አልኳት። ቢላውን አላስቀመጠችም። «በሕይወት ነው?» አለች። «በሕይወት ነው። ካይሮ ታስሯል።» ሁሉንም ነገርኳት፤ ያንቺንም። አልጮኸችም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ።

«ያቺ ልጅ ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር?»

«ማንም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ነገረችህ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው ሄዳ ትናገራ! በአፏ ያሰረችውን በአፏ ትፍታው! ከፈራች ፈርታ ትናገር!»

እኔ የምጨምረው የለም። እንዳንቺ ያሉ ልጆች በሰው አገር ወረቀታቸው ምን ያህል እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ፤ የምለምንሽ ቀላል ነገር እንዳልሆነም ይገባኛል። እለምንሻለሁ።

ከዚህ ጋር ሁለት ገጽ ልኬያለሁ። አፍንጫን፣ መንሸራተትን፣ መሪን፣ ታች መጠየቅን እንደማውቀው ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከፊርማዬ በላይ «የተከሳሹ አባት» ብዬአለሁ። ደብቄ ብጽፍ ይጠቅመው ይሆናል፤ ግን ነገሩን ሁሉ ያበላሸው የተደበቀ ነገር ነው። የአባት ቃል አይታመንም ካሉ፣ ምፅዋ አብሮኝ የነበረ ፍቅረ ማርያም የሚባል ሰው አዳማ ይኖራል። ልጄን አያውቀውም። መሪን በተመለከተ ለብቻው ጽፎ ፈርሟል፤ እሱንም አያይዣለሁ።

ደጀኔ

አርድ ኤል ሊዋ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ደጀኔ፣ ወይዘሮ ጠጂቱ፣

«ምን አለ? ስታየው ምን ይመስል ነበር?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል። የምስክሮች ቃል እስኪሰማ ምንም እንዳልጽፍ ኡስታዛ ናግላ ከልክለውኝ ነው፤ ማሌሽ። የሚዘበራረቅ ካለ ይለፉኝ።

ደጋግሜ ከተመለስኩበት ደረጃ የወጣሁት ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ነው። ኡስታዛ ናግላ ነገሩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «ይህን ዳኛው ፊት ትደግሚዋለሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው ተቀመጪ፤ እንጻፈው» አሉ።

ችሎቱ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ልጅዎ የብረቱ አጥር ውስጥ ነበር። እኔ የተጠራሁት በምስክርነት ስለሆነ የሚያስተረጉሙለት ኢሳይያስ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ቅጂው ተከፈተ። የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ምን ያህል እንደቸኮልኩ! ዳኛው አስቆሙትና ጠየቁኝ።

«ይህን ስትተረጉሚ ስህተት መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ዛሬ ማን አሳወቀሽ?»

«የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። አባቱ ናቸው» አልኩ።

ኢሳይያስ ይህን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ልጅዎ ከተቀመጠበት ተነሳ። «የማን አባት?» አለ። ኡስታዛ ናግላ የእርስዎን ገጽ ከፍ አድርገው አሳዩት። ከሩቅ ነው፤ ፊደሉን ለይቶ ሊያነብ አይችልም። ግን የእጅ ጽሑፍዎን አወቀው። ብረቱን በሁለት እጁ ያዘና «በሕይወት መኖሬን ያውቃል?» አለ፤ ለኢሳይያስ አልነበረም፣ ለእኔ ነበር። «አዎ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እዚያው ቁጭ አለ። ዳኛው አጭር ዕረፍት ሰጡ።

ከዕረፍቱ በኋላ በራሱ ስም ተናገረ። «ናሁሰናይ ደጀኔ እባላለሁ» አለ። ስሙን የለወጠው እናትና አባቱ አሥራ ሰባት ሰው ሞቶ የእሱን ስም እንዳይሰሙ ነበር። በሁለተኛው ቀን ዋናው አሽከርካሪ አጠገባቸው ወደ መጣች ሌላ ጀልባ ዘልሎ ሄደ። «ኮምፓስ የሚያነብ አለ?» ሲባል እሱ እጁን አወጣ። ሞተሩ ሲቆም ውሃው መጎተት ጀመረ። ታቹን ሲጠይቅ በመጀመሪያ ገመዱ አልደረሰም፤ ሁለተኛውም አልደረሰም፤ በሦስተኛው አሸዋ አገኘ። «መልሕቅ እንጣል፤ ማንም አይነሳ፤ የሚያልፍ ሰው ያየናል» አላቸው። ዳርቻው በዓይን ይታይ ነበርና ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተነሳ።

እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት ሆነ። ዘርትሁን ከኋላ ወንበር ተነስታ ጮኸች። «እውነቱን ነው! ‹አትነሱ፣ አትነሱ› ሲል ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር! የተነሳነው እኛ ነን። እኔም ተነስቻለሁ!» ፖሊሱ ሊያስቀምጣት ሲሄድ ዳኛው «ተዋት» አሉ። ያን ቀን ስለ ድግምት የተናገረችው ይህንን ላለማለት እንደነበር ለዳኛው ነገረች። ከጎኗ የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ።

ሲወጣ በአጠገቤ አሳለፉት። ወደ ግድግዳው ተጠግቼ መንገድ ለቀቅሁለት።

ውሳኔው ገና ነው።

ማክዳ

ሀረም፣ ጊዛ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ደጀኔ፣

ኡስታዛ ናግላ በኢሳይያስ አስተርጓሚነት ለወይዘሮ ጠጂቱ እንደ ደወሉላቸው ሰማሁ። ኸላስ፣ አበቃ፣ ረይስ የሚለው ክስ ተሰርዟል። በሕገ ወጥ መንገድ በመግባት የተፈረደበትን ታስሮ በቆየው ጊዜ ቆጥረውለታል፤ ወደ አገሩ ይላካል። ቅዳሜ ይሳፈራል። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ እንድገባ አይፈቀድልኝም።

ስለ እኔ ላነሱት ጥያቄ፦ አልተከሰስኩም። ስሜ ግን ከአስተርጓሚዎች መዝገብ ወጥቷል፤ ኢቃማዬንም ገና አላደሱልኝም። አሁን ሀረም አንዲት አሮጊት መዳም አስታምማለሁ። አይዘኑልኝ፤ አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ናሁሰናይ ስለ እኔ ያለው ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሳያለሳልሱ ይጻፉልኝ።

ማክዳ

ባሕር ዳር
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማክዳ፣

ይህን ለመመለስ አንድ ወር ፈጀብኝ። ማለሳለስ ስለከለከልሽኝ ነው።

ልጃችን ገብቷል። ጠጂቱ በሩን ከፍታ ስታየው አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ተሸክሞ ያስገባት እሱ ነው። ይበላል። የሚተኛው ግድግዳ ተደግፎ፣ ተቀምጦ ነው፤ ጋደም በል ስንለው «እሺ» ይልና እንደ ተቀመጠ እናገኘዋለን። ሐይቁ ዳር አይሄድም። እኔም አልጠራሁትም።

ስለ አንቺ አንድ ቀን ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ፦ «አራት ቀን ፖሊሶቹ የሚናገሩኝ አልገባኝም ነበር። በሩ ተከፍቶ አንዲት ሴት ‹እንደምን ዋልክ ወንድሜ› ስትለኝ፣ ተረፍኩ ብዬ አለቀስኩ።» ይኸው ነው። ስትገቢ ማልቀሱን አላየሽ ይሆናል። ስታነቢው እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ ሲነግረኝ እኔንም አሞኛል። ቂም ግን ድምፁ ውስጥ አልነበረም። ወይ ጨርሶታል፣ ወይ ገና አልጀመረውም፤ የትኛው እንደሆነ እኔ አባቱም አላውቅ።

አሁን እሱ የላከሽን ልንገርሽ። ያለቁትን ሰዎች ስም ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። አሥራ አንዱን ያውቃል። ስድስቱን አያውቅም፤ አንደኛዋን «ቢጫ ሻርፕ ያደረገችው» ብሎ ነው የጻፋት። ዘርትሁን ታውቃቸው ይሆናል፤ ሌሎቹም የተረፉት ካይሮ ውስጥ ናቸው። «እሷ ትጠይቅልኝ» አለኝ። «በደንብ ትጠይቅ፤ የእያንዳንዱን የአባት ስም፣ የመጣበትን አገር። ካልገባት ደግማ ትጠይቅ።» የነገረኝ እንዲህ ብሎ ነው፤ እንዳለ ጻፍኩልሽ።

ጠጂቱ አጠገቤ ቆማ ጻፍልኝ እያለችኝ ነው። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

ማክዳ፣ እኔ የናሁ እናት ነኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ በፆም አልዋሽም። ገና ነኝ። ድሮ ስምሽ ሲነሳ ተነስቼ ጓዳ እገባ ነበር። ትናንት ናሁ ስምሽን ሲጠራ ቁጭ እንዳልኩ ሰማሁ። ለጊዜው ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ስሞቹን ላኪለት።